የመስከረሙ አይብ

ሉድዊና ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ አይብ መሸጥ ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በየካቲት ወር የበግ አይብ ሸጣ አታውቅም። የበግ ነው ብላ ግን ስትምል ኖራለች። ሁሉም ይምላል። ከመንገዱ ራስ እስከ ግርጌው ጉልት ይዘው የቆሙት ሴቶች በሙሉ፣ በሻርፕ ተጀቡነው ዐይናቸው ብቻ እየታየ፣ «ንጹሕ የበግ ወተት ነው፤ ወንድሜ ከተራራ ያወረደው ነው» ይላሉ። በጎቹ በመስከረሙ ቅዱስ ሚካኤል ከተራራው ወርደው፣ ጡታቸው ደርቆ፣ በየበረቱ ድርቆሻቸውን እያመነዠኩ ግልገል እንደሚጠብቁ የአገሬው ሰው ልቅም አድርጎ ያውቃል። የማያውቀው በረዶ ሊያይ የመጣው እንግዳ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ተታልሎ ደስ ብሎት ነው የሚሄደው።

ሉድዊና በዚህ ጉዳይ ሕሊናዋን የምታስተኛበት የራሷ ዘዴ ነበራት። ከግንቦት እስከ መስከረም የምትሸጠው እውነተኛውን ነው። ታናሽ ወንድሟ አምብሮዢ ተራራው ላይ የእረኞች አለቃ ሆኖ፣ እሳቱን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ሳያጠፋ፣ በአያታቸው የእንጨት ቅርጽ እያተመ፣ በጭስ እያደረቀ ያወርድላታል። አምስት ወር እውነት የተናገረ ሰው ሰባት ወር ቢዋሽ ምን ይባላል ትላለች። የሌላውን ሁሉ አይብ በጣቷ ዳብሳ፣ ቆርሳ፣ አሽትታ ነው የምታምነው፤ የወንድሟን ግን ፈትናው አታውቅም፤ ማን የገዛ ወንድሙን ይፈትናል?

በበረዶው ወራት ውሸት ከልቡ የሚደሰት አንድ የአገር ሰው ነበረ፤ የክርስትና ልጇ ክሊመክ። አርባ ዓመት የሞላው፣ ትከሻው በር የሚሞላ ባለጋሪ ነው፤ እንግዶችን መንኰራኩር በሌለው የበረዶ ጋሪ ጭኖ፣ በሁለት ፈረስ እያስጎተተ ወደ ሸለቆው ራስ ያመላልሳል። አባቱም አያቱም እረኞች ነበሩ። ከአራት ዓመት በፊት ግን በነሐሴው በዓል አንዲት ቁራሽ የበግ አይብ በጎረሰ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከንፈሩ አብጦ፣ ጉሮሮው ተዘግቶ፣ ፊቱ ጠቁሮ መሬት ላይ ተዘረረ። አምቡላንስ እስኪደርስ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ ይዛ «ተንፍስ ልጄ፣ ተንፍስ» ስትል የነበረችው ሉድዊና ናት። የክራኮቭ ሐኪም የላሙ ምንም እንደማይለው፣ የበግ ወተት ግን እስከ ዕለተ ሞቱ መርዝ እንደሚሆንበት ነገረው። ሲያፍነው ጭኑን የሚወጋበት መርፌም ሰጠው፤ ከኪስህ እንዳይለይ አለው። የእረኛ ልጅ በበግ አይብ ሊሞት! ከተማው አንድ ዓመት ሙሉ ሳቀበት።

ከዚያ ወዲህ ክሊመክ በጋውን በአይብ ሻጮቹ መንገድ አያልፍም። በጎቹ ሲደርቁ ግን ከተፍ ይላል፤ በየሐሙሱ አንድ አይብ ይገዛል። መርፌውን እንኳ ከበጋ ሰደርያው ኪስ አያወጣውም። በየካቲት የበግ ወተት ከየት ይመጣል?

ያ ሐሙስ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ ነበረበት። ከጠረጴዛዋ ሥር፣ በቅርጫት ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ አይብ አለ። ማክሰኞ ዕለት አምብሮዢ ያመጣው ነው። እሑድ እናታቸው ዘጠና ዓመት ይሞላታል። «የመስከረም ነው፣ የመጨረሻው። ለእማዬ ብዬ ሸሽጌ ያቆየሁት ነው» ብሏታል። ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር የተቀበለችው።

ከሰሜን፣ ከባሕር ዳርቻ የመጣች ባለ ቀይ ቆብ እንግዳ ጠረጴዛው ፊት ቆማ፣ «እማማ፣ እንዳይቆጡኝና፣ እውነተኛውን በምን ይለዩታል?» አለቻት። ሌላ ቀን ቢሆን መሐላዋን ታወርድባት ነበር። ያን ቀን ግን የወንድሟ አይብ እጇን በላት። ጎንበስ ብላ ጨርቁን ፈታችና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ ሁለቱም እንዝርት የመሰሉ፣ ሁለት ጫፋቸው የሾለ፣ ጭስ ያወየባቸው ናቸው።

«ያዢው እስቲ» አለቻት። «እውነተኛው ይከብዳል። ቆዳው ደርቆም ቅባቱ ጣትሽ ላይ ይቀራል። ስትቆርጪው ነጣ ይላል፣ ቢጫ አይሆንም፤ ይፈረፈራል እንጂ እንደ ላስቲክ አይለጠጥም። ይሄን አልቆርጥልሽም፣ የእናቴ ነው። መሃሉ ላይ ያለውን ቅርጽ ግን እዪ። እያንዳንዱ የእረኞች አለቃ የራሱ አለው። የኛን አያቴ ከፈረስ ጥሎት ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ በየአይቡ ላይ ቀጭን መስመር ይተዋል። ይቺውልሽ!»

«ለኔ ሁለቱም አንድ ናቸው» አለች ሴትዮዋ።

«ላንቺማ በግና ላምም አንድ ናቸው!» አለች ሉድዊና፤ አጠገቧ ያለችው ሻጭ ሮዛልያ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በሳቁ መሃል የፈረስ ቃጭል ተሰማ። ክሊመክ ጋሪውን መንገዱ ዳር አቁሞ እየዘለለ መጣ። «እትዬ፣ ፈጠን በዪ፤ የዋርሶ ሰዎች ጋሪዬ ላይ በረዶ ሊሆኑብኝ ነው። ያንን የተለመደ ውሸትሽን አንድ ስጪኝ!»

«ውሰድ፣ አንተ ሆዳም!» ብላ ከፊቷ ያለውን አንስታ በወረቀት ጠቀለለችለት። እጇን ስሞ፣ ገንዘቡን ወርውሮ ሄደ። ባለ ቀይ ቆቧም ከትንንሾቹ አይቦች ጥቂት ገዝታ ተሰናበተች። ከዚያ አውቶቡስ ሙሉ እንግዳ ደረሰ፤ ሉድዊና ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ማለት አልቻለችም።

ግርግሩ ሲበርድ የእናቷን አይብ ወደ ጨርቁ ልትመልስ አነሳችው። አውራ ጣቷ እንደ ልማዷ መሃሉን ዳበሰ። መስመሩ የለም። አዙራ ዳበሰች። የለም። ጓንቷን በጥርሷ ጎትታ አውልቃ በራቁት ጣቷ ፈለገች፤ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ከዚያ ቢላዋዋን አንስታ ጫፉን ቆረጠችው። ቢጫ። ስታጥፈው እንደ ላስቲክ ታጠፈ። ከታች ካለው ማምረቻ የሚመጣው የላም አይብ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የወንድሟ አይብ የለም፤ ቅርጫቱ ውስጥ የለም፤ መሬት ላይ የለም። ለእንግዶቹ ትንንሹን እንጂ ትልቁን አልሸጠችም። ትልቅ የወሰደ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ሮዛልያ» አለች፤ «ክሊመክን ገደልኩት።»

ወደ ስልኩ ደወለች፤ ዝግ ነው። በዚያ ብርድ የማን ባትሪ ይቆያል፤ የሌሎቹን ባለጋሪዎች ቁጥር ደግሞ አልያዘችም። ሰዓቷን አየች፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ። ክሊመክ መንገድ ላይ አይበላም፤ ያንን ታውቃለች። ስድስት ተኩል ላይ ሸለቆው ራስ ይደርሳል፣ እንግዶቹን ያወርዳል፣ ፈረሶቹን ብርድ ልብስ ያለብሳል፣ ድርቆሽ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ከባለጋሪዎቹ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ አይቡን በእንጨት ሰክቶ የሚጠብሰው። አምቡላንስ ጠራች። «በሽተኛው ምን ሆነ?» አሏት። «ገና ምንም አልሆነም፤ ግን ይሞታል» አለች። እንደምንም ስታስረዳቸው፣ መኪና እንልካለን አሉ፤ ግን ከወዲያኛው ከተማ ነው የሚነሳው፤ በዚህ በረዶ ሙሉ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል።

አምብሮዢ መኪና አለው፤ ለፈረሶቹ ድርቆሽ ስለሚያመላልስ ወደ ሸለቆው መግቢያ ፈቃድም አለው። ደወለችለት።

«ያንተን አይብ ክሊመክ ወሰደው! በስህተት ሰጠሁት! መኪናህን ይዘህ ድረስ!»

«የትኛውን አይብ?»

«የእማዬን ነዋ! የመስከረሙን! ሰማኸኝ አምብሮዢ? ሊበላው ነው!»

«መጣሁ» አለ፤ እንደ ሰነፍ ተማሪ ድምፁ ቀጥኖ። ሉድዊና ደንግጦ ነው ብላ አሰበች።

ለክሊመክ ሚስት ለሳልካ ደወለችና መርፌው የት እንዳለ ጠየቀቻት። ምን እንደሆነ ገና ሳትጨርስላት ሳልካ ቁምሳጥን ስትበረብር፣ ዕቃ ሲወድቅ፣ «እመቤቴ ማርያም፣ እመቤቴ ማርያም» ስትል በስልኩ ተሰማት። አምብሮዢ ሉድዊናን ጭኗት ሲመጣ ሳልካ ቤቷ መታጠፊያ ላይ በሹራብ ብቻ፣ በነጠላ ጫማ በረዶው ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። መርፌውን በመስኮት አቀበለቻትና የሉድዊናን እጅ አልለቅም አለች። «እትዬ፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉት» አለች፤ ሉድዊና የማታውቅ ይመስል። መኪናው ሲነሳ ነው የለቀቀቻት።

አምብሮዢ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። ስልሳ ዓመቱ ነው፤ ጢሙ ሸብቷል፤ በመስከረም በጎቹን እየነዳ ሲወርድ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያየው ግርማ ያለው ሽማግሌ ነው። ያን ቀን ግን መሪውን በሁለት እጁ ጨምቆ፣ በዚያ ብርድ ግንባሩ ላብ አውጥቶ ነበር።

«ንዳ እንጂ!»

«በረዶ ነው፣ እታለም።»

«እግዜር ያሳይህ፣ እሱ ሊሞት አንተ ለበረዶ ትጠነቀቃለህ! ንዳ!»

ትንሽ ፈጠነ። ሉድዊና መርፌውን በሁለት መዳፏ መሃል ይዛ እንዳይቀዘቅዝ ትተነፍስበታለች። በዐይኗ የሚመጣባት ያ የነሐሴ ቀን ነው፤ ጭኗ ላይ የነበረው ጭንቅላት ክብደት፣ አየር ፍለጋ የሚከፈተው አፍ፣ ከአፉ የሚወጣው የፉጨት ድምፅ። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ነበር ያጎረሰው። አሁን በገዛ እጇ ጠቅልላ፣ ሆዳም ብላ ሰድባ ሰጠችው። እናቱ ስትሞት አደራ ያለቻት እሷን ነው። ምን ብላ ነው መቃብሩ አጠገብ የምትቆመው? ሳልካን በምን ዐይኗ ታያታለች? ለማርያም ያልተሳለችው ነገር የለም፤ ጉልቱንም፣ ቤቱንም፣ የቀራትንም ዕድሜ ሰጠቻት።

«አይሞትም» አለ አምብሮዢ ድንገት።

«አንተ ሐኪም ነህ?»

«አይደለሁም። ግን… አይሞትም፣ እታለም። አትጨነቂ።»

«አትጨነቂ! ያኔ ጭንቅላቱን የያዝከው አንተ ነህ? ፊቱ ሲጠቁር ያየኸው አንተ ነህ? ዝም ብለህ ንዳ!»

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ መኪናውን አቆመው። ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ከፊታቸውም ምንም የለም። ወደ እሷ ዞሮ አፉን ከፈተ። «እታለም፣ አንድ ነገር…»

«ምን ሆነሃል? ምን ሆነህ ነው የቆምከው?» ብላ ትከሻውን በጡጫ መታችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደ እብድ። «ንዳ ብዬሃለሁ! ስድስት ተኩል አለፈኮ!»

አፉን መልሶ ዘጋና ነዳ።

ሸለቆው ራስ ሲደርሱ ጋሪዎቹ ተደርድረዋል፤ ፈረሶቹ ብርድ ልብሳቸውን ለብሰው ጭንቅላታቸውን ድርቆሽ ውስጥ ቀብረዋል። የክሊመክ ፈረሶች እዚያ አሉ። እሱ የለም። እሳቱ ዳር ባለጋሪዎቹ ክብ ሠርተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ መሬት ላይ ያለ ነገር ላይ አጎንብሰው አየቻቸው። መኪናው ሳይቆም በሩን ከፍታ ወረደች፣ ወደቀች፣ ተነሳች፤ መርፌውን ወደ ላይ እንደ ሻማ ይዛ ሮጠች፤ ሰዎቹን በክርኗ ገፍታ ገባች።

ሰዎቹ ያጎነበሱት ፍሙ ላይ ነው፤ ክሊመክ ግንድ ላይ ተቀምጦ እያኘከ ነው።

በእጁ ባለው እንጨት ላይ የቀረው የአይቡ ጫፍ ብቻ ነበር። በጥፊ መትታ ቁራሹን ከእንጨቱ ላይ ጣለችው። «ትፋ! ከአፍህ አውጣ!»

«እትዬ! ምን ሆንሽ?»

«መቼ ነው የጀመርከው? ስንት ጊዜ ሆነ?»

«አሁን ነው፣ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። እነሱንም አቅምሻለሁ፤ ምን…»

«የአምብሮዢ ነው። የመስከረም ነው። የበግ ነው፣ ልጄ። ተሳስቼ ነው።»

ክሊመክ የያዘው እንጨት ከእጁ ወደቀ፤ ከፊቱ ላይ ደሙ ሲሸሽ ዐይኗ እያየ ነው። እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፤ ኮሌታውን ፈታ። ሉድዊና በጉልበቷ ፊቱ ተንበርክካ ከንፈሩን አየች፤ አላበጠም። ያኔ ሦስት ደቂቃ አልሞላም ነበር፤ አሁን አሥር ሆኗል። ምናልባት በብርዱ ምክንያት ይዘገይ ይሆን? ማን ያውቃል?

«ጉሮሮዬ…» አለ ክሊመክ። «እትዬ፣ ጉሮሮዬ እየጠበበ ነው። አየር አጣሁ።» ትንፋሹ መቆራረጥ ጀመረ። ያ ግዙፍ ሰውዬ እንደ ሕፃን እጇን ጨመቀው። «ሳልካ… ልጆቼ…»

የመርፌውን ክዳን ነቀለች። ሐኪሙ ሱሪው ላይም ቢሆን ጭኑን ውጉት ማለቱን ታስታውሳለች። እጇን ወደ ላይ አነሳች።

«አትውጊው!»

የጮኸው አምብሮዢ ነው። ከመኪናው ወርዶ ከክቡ ውጪ ቆሞ ነበር። አሁን ሰዎቹን ገፍቶ መጣና አንጓዋን ያዘ። «አትውጊው እታለም። ምንም አልሆነም። ድንጋጤ ነው። አይቡ የላም ነው።»

«ምን?»

«የላም ነው። ሙሉ በሙሉ የላም ነው።»

ባለጋሪዎቹ ሁሉ አዩት። ከመሃላቸው በጋውን ተራራ ላይ ከእሱ ሥር ያልሠራ፣ የእሱን አይብ ለልጁ ሠርግ ያላዘዘ የለም። አምብሮዢ ማንንም አላየም፤ የሚያየው መሬቱን ነው።

ሉድዊና በረዶው ላይ የወደቀችውን ቁራሽ አነሳችና አፏ ውስጥ ከተተቻት። አይብ ከቀመሰች ስንት ዘመኗ ነው። አላመጠች። ጥርሷ ሥር እንደ ላስቲክ ተንጫጨች፤ ምንም ቅባት፣ ምንም የበግ ጠረን የላትም። ደግማ አላመጠች፤ ዋጠች። የመጀመሪያው ስሜቷ ደስታ ነበር፤ ክሊመክን አንገቱን አቅፋ ጉንጩን፣ ዐይኑን፣ ጢሙን ሳመችው፤ እሱም እያለቀሰ፣ እየሳቀ፣ ትንፋሹ እየተመለሰለት «ተይኝ እትዬ፣ አሁን ደግሞ አንቺ ልታፍኚኝ ነው!» አላት።

ከዚያ ነው ቀና ያለችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው ወንድሟን።

«ሁለት ዓመት። በትንሽ በትንሹ ጀመርኩ። የሚያልብ ሰው አጣሁ፤ ወጣቱ ሁሉ ኖርዌይ ሄደ። የላም ወተት በበርሜል አስመጣለሁ፤ ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው ሳያይ። የመስከረሙ ግን ጭራሽ የበግ ጠብታ የለበትም።» በእጁ ጀርባ ግንባሩን ጠረገ። «ድልድዩ ላይ ልነግርሽ ነበር።»

ድልድዩ ከዚህ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ከአምብሮዢ ቤት ደግሞ ግማሽ ሰዓት። ስልኩን ካነሳ ጀምሮ ያውቅ ነበር። ሳልካ በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ ስታለቅስ ያውቅ ነበር፤ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ነፍሷ ስትወጣ፣ ለማርያም ስትሳል፣ በጡጫ ስትመታው ያውቅ ነበር። አንዲት ቃል ነበረች የጎደለችው፤ ያችን ላለማውጣት መሪውን ጨምቆ ዝም ብሎ ነዳ።

«ይሄንን ነው እሑድ ለእማዬ የምንቆርስላት?» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እማዬ አይታወቃትም። ምላሷ ከሞተ ስንት ጊዜው።»

«እኔስ? እኔ አልቀምስም? እኔ አላውቅም?»

አምብሮዢ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ሊዋሽ አልሞከረም፤ ያ ነው የባሰባት።

«አንቺማ ታምኚኛለሽ ብዬ ነው» አለ።

ከባለጋሪዎቹ አንዱ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረ። አምብሮዢ የመኪናውን በር ከፍቶ፣ «ግቢ እታለም፣ ብርድ ነው፤ ቤት ላድርስሽ» አላት። ሉድዊና ወደ ባለጋሪዎቹ ዞራ ለሳልካ ደውሉላት፣ አምቡላንሱንም አስመልሱት አለችና ወደ ክሊመክ ጋሪ ሄዳ ከኋላ ወንበሩ ላይ ወጣች። ክዳኑን መርፌው ላይ መልሳ ልትገጥመው ሞከረች፤ አልሆነላትም። ክሊመክ ከእጇ ተቀብሎ ገጠመላትና የፈረሱን ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።